የአለቆች ፎቶ ነው፣ ይለፉት

በእኛ መሥሪያ ቤት ማህተም ከሰው በላይ ይከበራል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ እኔም ለማህተሙ ስሰግድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ የመሥሪያ ቤቱን ዌብሳይት መሥራትና መጠበቅ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። የቤት ጉዳይ፣ የቦታ ጉዳይ፣ የወረቀት ጉዳይ ያለበት ሰው ሁሉ ደጅ ሲጠናበት ይውላል።

ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ማዞሪያ ክፍል የምትባል አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ የምትይዝ ክፍል ነበረች። እዚያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው የሠሩ ሴት ነበሩ። ዓይናቸው አያይም። በልጅነታቸው ኩፍኝ ነው የወሰደባቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ከመዝገብ ቤት አንድ ሰው ይወርድና የዕለቱን ማስታወቂያ ያነብላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይሰማሉ፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ከሳሪስ አቦ ይደወል ከቱሉ ዲምቱ፣ ለደወለው ሁሉ ምን ማምጣት እንዳለበት፣ እስከ መቼ ማምጣት እንዳለበት ቃል በቃል ይነግሩታል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። እኛ ግን ወረቀቱ እጃችን ላይ እያለ እንሳሳት ነበር።

ያቺን ክፍል ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ዌብሳይቱ ሥራ ሲጀምር «ከእንግዲህ ሕዝቡ መረጃውን ከቤቱ ሆኖ ያገኛል» ተባለ፤ ለየክፍሉ ቀጥታ ስልክ ገባ፤ ማዞሪያው ተነቀለ። እሳቸውም ለጡረታ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ስለነበር በዚያው ተሸኙ። እኔ ያን ሰሞን መሬት አልነካም ነበር። የሠራሁት ነገር ስሙ በስብሰባ ሁሉ ይነሳል፣ አለቃዬ በየደረጃው ሲያገኘኝ ይጨብጠኛል። ሰው በራሱ ሥራ ሲሰክር አጠገቡ ያለውን እንደማያይ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ወይም አውቄ ረስቼው ነበር።

ለሽኝታቸው አዋጥተን ዘመናዊ ስልክ ገዛንላቸው። የሚነኩትን ሁሉ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። አማርኛውን የሚያነበው ድምፅ የሰው አይደለም፤ አፍንጫው እንደተደፈነ ሰው ሳይቆም፣ ሳይተነፍስ ይናገራል። እትዬ ግን በአንድ ከሰዓት ለመዱት። ከዚያ በኩራት የኔን ዌብሳይት ከፈትኩላቸው።

«ምስል» አለ ስልኩ። «ምስል። ምስል። ምስል።»

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ምስል?» አሉኝ።

ፊተኛው ገጽ ላይ አለቆቻችን ተደርድረው ነበር፤ ችግኝ ሲተክሉ፣ ሪባን ሲቆርጡ፣ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የታሸገ ውሃ ሲያዩ።

«ምንም አይደለም እትዬ» አልኳቸው። «የአለቆች ፎቶ ነው፣ ይለፉት።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ አፍ ያመለጠው ያኔ ነው፤ ያወቅኩት ግን ከዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ማህተሙ ልመለስ። ዌብሳይቱን ስሠራ ማስታወቂያዎቹን በጽሑፍ ልተይባቸው ነበር ሐሳቤ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አይሆንም አሉ። ሸምገል ያሉ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ማህተሙን በኪሳቸው ይዘው ምሳ ይወጣሉ። «ማህተምና ፊርማ የሌለው ጽሑፍ ወሬ ነው» አሉኝ። «ነገ አንዱ ቀይሮ ቢጽፍበት ማን ይጠየቃል? ወረቀቱን ከነማህተሙ ፎቶ አንሺና ለጥፊ።» አንድ ጊዜ ተከራከርኩ። ሁለተኛ አልተከራከርኩም። እውነቱን ከተናገርኩ ለኔም ቀለለኝ፤ መተየብ የለ፣ ማረም የለ፤ ፎቶ ማንሳትና መለጠፍ ብቻ። እንዲህ እንዲህ እያለ በዌብሳይታችን ላይ ያለው ማስታወቂያ ሁሉ ፎቶ ሆነ። ዓይን ላለው ከነሐምራዊ ማህተሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ለእትዬ ስልክ ግን አንድ ቃል ነው። አለቃም ቢሆን፣ ማስታወቂያም ቢሆን፣ «ምስል» ይላል፣ ያልፋል።

ከዓመት በኋላ የመንገድ ማስፋፊያው የእትዬ ሰፈር ደረሰ። የሚኖሩት ከዋናው መንገድ ወደ ወንዙ ገባ ብሎ፣ ጊቢ ውስጥ ባለች የቀበሌ ቤት ነበር። ማስታወቂያ ወጣ፦ ነዋሪዎች የኪራይ ውላቸውንና መታወቂያቸውን ይዘው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቀርበው ይመዝገቡ፤ የተመዘገበ ምትክ ቤት ያገኛል፤ ቀኑን ያሳለፈ መብቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ወረቀቱ በወረዳው በር ላይ ተለጠፈ። እኔም ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት።

እትዬ በየማለዳው ዌብሳይቱን ይከፍቱ ነበር። ለጎረቤቶቻቸውም «የኛ ነገር ሲወጣ እኔ እነግራችኋለሁ» ብለዋቸዋል። ጎረቤቶቻቸው ግን ዓይን አላቸው፤ ወረቀቱን በሩ ላይ አዩት፣ ሄደው ተመዘገቡ። አንድም ሰው እትዬን አልጠየቀም። በኋላ ስሰማ «እሳቸው ቢሮ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከኛ በፊት ሰምተው ከኛ በፊት ጨርሰዋል ብለን ነው» አሉ። ክፋት አልነበረም። ጊቢው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ወሬ ለመለዋወጥም ሰዓት የላቸውም። አሥራ አምስቱ ቀን እስኪያልቅ በየማለዳው ስልኩ «ምስል» ሲል እሳቸው እንዳልኳቸው ያልፉ ነበር።

ያወቁት ጎረቤታቸው ዕጣ ወጥቶልኛል ብላ እልል ስትል ነው።

ቅሬታ አቀረቡ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው «ማስታወቂያው በድረ ገጹ ላይ መውጣቱንና ስንት ቀን መቆየቱን በጽሑፍ አረጋግጪ» ብሎ ወደ እኔ ላከ። ወረቀቱ ላይ የአመልካች ስም አልነበረም፤ የመዝገብ ቁጥር ብቻ። ግን የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ጠዋት ስገባ ኮሪደሩ ላይ፣ ነጭ በትራቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። ሰላም አላልኳቸውም። በጫማዬ ጫፍ ነው ያለፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም፤ እንኳን እሳቸውን፣ የማላውቀውን ባለጉዳይ ሰላም ሳልል አላልፍም።

ጻፍኩ። «ማስታወቂያው በድረ ገጹ ላይ ለአሥራ አምስት ቀናት ተለጥፎ የቆየ መሆኑን እናረጋግጣለን።» አንድ መስመር። ስሜና የሥራ ድርሻዬ ያለበትን ቲተር አሳረፍኩበት፣ ፈረምኩ። አንዲት ፊደል ውሸት የለበትም፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ስልካቸው ያንን ፎቶ እንደማያነበው አውቅ ነበር ወይ? አውቅ ነበር። ማወቄን ለራሴ ሳልነግረው ነው እንጂ አውቅ ነበር። አለቃዬ ማስታወቂያው ለዓይነ ስውር አይነበብም የሚል ወረቀት ቢያይ የተመሰገነችው ዌብሳይት ምን ልትባል ነው? ይኼንን አስቤ ነው። በሳምንቱ ቅሬታቸው ውድቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ ይከተለኝ ጀመር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በታክሲ ስሄድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ አያለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ «ምስል» ይላል። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጋ ስንደርስ ምሳ ዕቃ የያዙ ጠያቂዎች በሰልፍ ቆመዋል፤ «ምስል»። ቤቴ ግድግዳ ላይ የእናቴ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳያት ያ የተደፈነ ድምፅ «ምስል» ብሎኝ አለፈ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉትን ተረት እኔ አልደረስኩበትም። እንዴት ነው የሚረሳው?

ወራት አለፉ። ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፦ የመንግሥት ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ይሁኑ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በሆዴ። አለቃዬ «ዓይነ ስውር ፈልጊና አስሞክሪ፤ ሪፖርት ላይ ይግባ» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «እትዬ አሉ አይደል!» አሉ። በማስታወቂያው የደረሰባቸውን ማንም አላስታወሰም፤ ያስታወሰም ካለ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ተደወለላቸው፣ እሺ አሉ።

የመጀመሪያ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃው ብረት ላይ እጃቸውን እየሳቡ ወጡ። እጄን ዘርግቼ «እትዬ» ስላቸው «አንቺ ልጅ፣ ከሳሽ እንዴ?» አሉኝ። እኔ መሆኔን በድምፄ፣ መክሳቴን በእጄ ነው ያወቁት። ስለ ቤታቸው አንድ ነገር ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገሩም። አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስክሪኑን አጥፊው» አሉ።

«ታዲያ እንዴት አያለሁ?»

«ማየቱን ማን ጠየቀሽ?»

አጠፋሁት። በራሴ ስልክ ላይ ያንኑ ፕሮግራም ጫንኩ። ዓይኔን እንድጨፍን አዘዙኝና በራሴ ዌብሳይት ላይ የልደት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ እንድፈልግ ጠየቁኝ። እኔ የሠራሁት ነው፤ እያንዳንዷን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አዝራር» ይላል ድምፁ። «አዝራር። አዝራር። ምስል። አዝራር።» የምን አዝራር? አይናገርም። ስም ሳልሰጠው ነው የተውኩት፤ ሥዕሉ ይበቃል ብዬ። አንዱን ነካሁ፣ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ማመልከቻውን ስደርስበት ቀስ ብዬ ስለሞላሁ ጊዜው አልፏል ብሎ ሁሉንም ደመሰሰው። ላብ አጠመቀኝ። የሠራሁት ቤት ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በር ስፈልግ ግድግዳ የምዳብስ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር።

«ሰዓቱን ብትይዢው ጥሩ ነበር» አሉ። «እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅዳሴ መውጫ እስከ ምሳ ፈጅቶብኛል።»

በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ሠራን። ለአዝራሮቹ ሁሉ ስም ሰጠኋቸው። የሰዓት ገደቡን አነሳሁ። እትዬ ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ አይቆጡም፣ ግን አያልፉም። «ይኼ ከዚያኛው በፊት መምጣት አለበት፤ ሰው ቤት ሲገባ ከጓዳ አይጀምርም» ይሉኛል። እኔ በባሕርዬ ችኩልና ነጭናጫ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በሦስተኛው ቀን ተጣልተን ነበር። እሳቸው ጋ መነጫነጭ አቃተኝ። ባየኋቸው ቁጥር አንድ ነገር ልናገር አፌን እከፍትና እመልሰዋለሁ።

አንድ ቀን ታክሲ ጠፋና በእግር ላደርሳቸው ወጣሁ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራቸው ታጠፍን፣ ሰፈሩ የለም። ጣሪያው የተነሳ ቤት፣ በሩ የተወሰደ ቤት፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት የተቀባ ቤት። አንዱ ጓዳ ውስጥ የቀረ ካላንደር በነፋስ ይንቋቋል። የተመዘገበው ሁሉ ዕጣውን ይዞ ሄዷል። እትዬ መሃል መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«እዚህ ጋ ወፍጮ ቤት ነበር» አሉኝ። «ወፍጮው ሲደርሰኝ ወደ ግራ እታጠፍ ነበር። ከዚያ ጋራዡ ነው፤ ብረት ሲቀጠቅጡ ይሰማኛል። ከጋራዡ ቀጥሎ ሬዲዮ የማያጠፋ ሱቅ። ከዚያ በራችን።» ጆሯቸውን አዘነበሉ። «አሁን ሁሉም ዝም ብሏል። ትናንት እነዚያ ድንጋዮች መሃል ገብቼ መውጫው ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ዘበኛ ነው ያወጣኝ።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ጊቢያቸው ስንደርስ አንድ ቤት ብቻ ጣሪያው ሳይነሳ ቀርቷል፤ የእሳቸው። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። አነበብኩላቸው። «እሱን የቤቶች ሠራተኛ ነግሮኛል» አሉና ገቡ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ ቤቴ ሄጄ ሳህን አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የማስታወቂያዎቹ ገጽ ላይ ደረስን። ሥራው ቀላል ነበር፤ ለየፎቶው ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ከጀርባው ተይቦ ማስቀመጥ። ፎቶው ከነማህተሙ ይቆማል፣ ድምፁ ደግሞ ጽሑፉን ያነባል። እስከዛሬ ለምን አላደረግኩትም? ለአንዱ ማስታወቂያ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እየተየብኩ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ እያረሙኝ ወደ ኋላ ሄድን። ያንን ማስታወቂያ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ተራው ደረሰ።

ጣቴ ቆመ። አሥራ አምስት ቀን የሚለውን፣ መብቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል የሚለውን፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እንዴት ልተይበው? ያደረግኩትን ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። «የኃላፊዎች የስብሰባ ፎቶ» ብዬ ተየብኩ። አስቀመጥኩት። ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

እትዬ ስልካቸውን አንስተው እንደ ልማዳቸው ከላይ ጀምረው ሰሙ። ያ የተደፈነ ድምፅ ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ ከዚያ ሳይቆም፣ ሳይተነፍስ፣ «የኃላፊዎች የስብሰባ ፎቶ» አለ። ቀጥሎ የተለጠፈበትን ቀን አነበበ። ቀኑን አልነካሁትም ነበር፤ ረስቼው ነው።

እትዬ ጣታቸውን አነሱ። መልሰው አሰሙት። ቀኑን መልሰው አሰሙት።

«ማስታወቂያ መሃል አለቆች ምን ሊሠሩ ገቡ?» አሉኝ።

ውጭ ከባድ መኪና አለፈና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እስኪያበቃ ጠበቁ።

«አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። እያቋረጥኩ፣ ከላይ እስከ ታች። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሰሙ። ስጨርስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ አሉና፣ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ለደወለ ሰው እንደሚናገሩት፣ ጥርት ባለ ድምፅ መልሰው አሉት፦ እነማን እንደሚመዘገቡ፣ ምን ይዘው እንደሚመጡ፣ እስከ መቼ። ቃል አልዘለሉም። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ ለማን እንደሚነግሩት አላውቅም። ፈራሁ። ከሰው ፊት ሆኜ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ ያንን ደብዳቤም…» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ውሳኔው ሲነበብልኝ አባሪው ላይ ስምሽ ነበር። ደግመህ አንብብልኝ አልኩት፤ ሌላ ሰው ከሆነ ብዬ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ሳምንት ለምን መጡ?»

«ጠራችሁኝ፣ መጣሁ» አሉኝ። «ቤት ውስጥ ማን ይጠራኛል?»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝም። እስክጨርስ ጠበቁና «አሁን ተይቢው» አሉኝ። ተየብኩት።

በማግስቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ማስታወቂያው የተለጠፈው በፎቶ መሆኑን፣ ማየት የተሳነው ሰው ሊያነበው እንደማይችል፣ ይህንንም የመጀመሪያውን ማረጋገጫ ስሰጥ እያወቅኩ መደበቄን፣ በተጨማሪም ፎቶ ሲያጋጥማቸው እንዲያልፉት ለአመልካቿ የነገርኳቸው እኔው ራሴ መሆኔን ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ «ራስሽን ነው እኮ የምትከሺው» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ሌላ ሰው የለማ።» ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ፤ ግን አልከለከለኝም። መዝገብ ቤት ወሰድኩት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፎቶ አንሺና ለጥፊ ያሉኝ እሳቸው መሆናቸውን አልጻፍኩም ነበር። ማህተሙን ከኪሳቸው አወጡ፣ ተነፈሱበት፣ አሳረፉት። «እኔንም መጨመር ነበረብሽ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የኮሚቴው መልስ ግን ሳምንታት ፈጀ፤ እትዬ በዚያ ጊዜ ሁሉ በፈረሰው ሰፈር መሃል ብቻቸውን ኖሩ። በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ምትክ ቤት ይሰጣቸው ተባለ። ቢሮ ውስጥ እንኳን ደስ አለሽ ያለኝም ነበር፤ ልመታው ምንም አልቀረኝም። ምክንያቱም ቤቱ የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ዕጣ ሲያወጡ እዚያው አንድ ሕንፃ ላይ ጎን ለጎን ነው የወጣላቸው፤ በር አንኳክተው የሚጠሯቸው፣ ታክሲ የሚያስይዟቸው፣ ወጥ ሲሠሩ የሚያቀምሷቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። ያ ሕንፃ ሞልቷል። ለእትዬ የደረሳቸው ከቂሊንጦ ወዲያ፣ ከእነሱ ሁለት ታክሲ የሚያስኬድ፣ ገና ሰው ያልገባበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሕጉ ላይ ይኼ ጥሩ ነው፤ ምድር ላይ ያለ ቤት ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይላል። መለዋወጥ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ዕጣ ዕጣ ነው አሉኝ።

የገቡ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ አብሬያቸው ሄድኩ። ዕቃቸው አንድ አነስተኛ መኪና አልሞላም። ከጊቢው በር እስከ ሕንፃው፣ ከሕንፃው እስከ ቤታቸው፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ እርምጃቸውን ይቆጥራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። የሚታጠፉበት ድምፅ ፈለጉ። የለም፤ ነፋስ ብቻ ነው፤ ነፋስ ደግሞ በየቀኑ አቅጣጫው ይለያያል። ዕቃውን አስገባን፣ አልጋውን ገጠምን፣ የምድጃውን ቦታ በእጃቸው አስነካኋቸው። ግድግዳው ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል።

ልወጣ ስል አብረውኝ እስከ ኮሪደሩ ወጡ። ግራና ቀኝ የተቆለፉ በሮች ናቸው። እትዬ ደረጃው ሥር ቆሙና ፊታቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ሰው አለ?» አሉ ጮክ ብለው።

ድምፃቸው ደረጃውን እየወጣ ሄደ፤ አንድ ቦታ ባዶ ግድግዳ ነክቶ ተመለሰ። ዝም ብለው አዳመጡ። እንደገና፣ ከፊተኛው ከፍ አድርገው፣ «ሰው አለ?» አሉ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

«እኔ አለሁ እትዬ» አልኳቸው።

«አንቺማ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ በዚያ በኩል በአሥራ አንድ ሰዓት ያልፍ ነበር። ሄድኩ።